ካሜራ የገባበት ቤት

በሴፕቴምበር 1999 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ አልሜረ ከተማ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ገብተው በሩ ተዘጋባቸው። ስልክ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ካሜራው ግን ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ይከተላቸዋል። «ቢግ ብራዘር» የተባለው ይህ ዝግጅት የጆን ደ ሞልና የኩባንያው የኤንዴሞል ሥራ ነው። ስሙ የመጣው ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ካሳተመው «1984» ልቦለድ ነው። እዚያ ላይ ቢግ ብራዘር የዜጎቹን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ የሚሰልል፣ ስሙ ሲነሳ የሚያስደነግጥ ገዢ ነው። ልክ በ50 ዓመቱ ሰዎች «እኔን ሰልሉኝ» ብለው ማመልከቻ አስገብተው፣ ተወዳድረውና ተመርጠው ይገቡለት ጀመር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነዋሪዎቹ ይውጣ የሚሉትን ሰው በምስጢር ይጠቁማሉ፤ ተመልካቹ በስልክ ድምፅ ይሰጣል፤ እስከ መጨረሻው የቆየው ገንዘቡን ይወስዳል። ለኔ የዝግጅቱ ልብ ያለው ግን ጥቆማው በሚሰጥባት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ የማይታይ ድምፅ ይጠይቀዋል፣ እሱም የሆዱን ይዘረግፋል። ነፍስ አባት ፊት እንደ መቅረብ ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ኑዛዜውን አገር ምድሩ ይሰማዋል። የምስጢር ትርጉም እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ ሰውዬው የሚደብቀው አብረውት ከሚበሉት ነው እንጂ ከማያውቁት ሚሊዮኖች አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአርታዒዎች ነው። የቀን ሙሉ ቀረጻ አንድ ሰዓት የማይሞላ ታሪክ ይወጣዋል፤ ጨካኙ፣ አልቃሻው፣ ፍቅረኞቹ የሚወለዱት አርትዖት ክፍል ውስጥ ነው። በሙያው የታወቀ አንድ ዘዴ አለ፤ ተሳታፊው በተለያየ ጊዜ ከተናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ቃላት ቆርጦ አንድ አድርጎ መስፋት። የተናጋሪው ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ላይ የአድማጩ ፊት ብቻ ሲታይ መጠርጠር ይፈቀዳል። ተመልካቹም ይህን አያጣውም። እያወቀ ያያል፤ ከዚያም ማን «እውነተኛ»፣ ማን «አስመሳይ» እንደሆነ ሲከራከር ያመሻል። ድህረ ዘመናዊ ባህል የሚባለውን በቃል ከማስረዳት ይህን ክርክር ማዳመጥ ይቀላል። እውነቱና ድራማው የቱ ጋ እንደሚለያዩ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም የሚፈልገው አሳምኖ እውነተኛ የሚመስለውን ሰው ነው።

ነገሩ ግን በ1999 አልተጀመረም። በ1971 ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ፣ ላውድ የተባሉ ባልና ሚስት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ለሰባት ወር ያህል ተቀረጹ። ከተቀረጸው 300 ሰዓት ገደማ 12 ክፍሎች ወጥተው በ1973 «አን አሜሪካን ፋሚሊ» በሚል ርዕስ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ቀረቡ። እናትየው ፓት ባሏን ቢልን ከቤት እንዲወጣላት የነገረችው ካሜራው እያየ ነው። ቤተሰቡ በኋላ «ክፉ ክፉውን መርጣችሁ አሳያችሁ» ብሎ አማረረ። ቅሬታው ውሃ የሚያነሳ ነው፤ 12 ሰዓት ያህል ተመርጦ ሲወጣ የቀረው 288 ሰዓት የማን ነው?

ፈረንሳዊው አሳቢ ዣን ቦድሪያር በ1981 መጽሐፉ ይህን ቤተሰብ አንስቷል። አዘጋጁ «እኛ እንደሌለን ሆነው ኖሩ» ማለቱ አስገርሞታል። በርግጥም ካሜራው ባይኖር የሚሆነውን አይተናል ለማለት ካሜራው መኖር ነበረበት። ትዳሩን ያፈረሰው ቴሌቪዥኑ ነው ወይስ አይደለም ለሚለውም መልስ የለም፤ ያልተቀረጸውን የላውድ ቤት ያየ ሰው ስለሌለ። ብዙ ተቺዎች እንዲህ ያለውን ዝግጅት፣ ሪያሊቲ ሾውን፣ በውሸታምነቱ ይከሱታል። ክሱ ለኔ ቀላል ነው። የሚከብደው መቀረጽ ራሱ የኑሮ ክፍል ሲሆን ነው።

የላውዶች የበኩር ልጅ ላንስ ለዚህ ምሳሌ ነው። በ2001፣ በኤችአይቪና በሄፓታይተስ ሲ ሕይወቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ያስጠራው በወጣትነቱ የቀረጹትን ባልና ሚስት፣ አለንና ሱዛን ሬይመንድን ነበር። መጥተው ቀረጹት፤ በዚያው ዓመት በ50 ዓመቱ አረፈ፤ ፊልሙ በ2003 ታየ። ወላጆቹ እንደገና አብረው እንዲኖሩ ይመኝ ነበር። ፓትና ቢልም ዳግመኛ ሳይጋቡ አንድ ቤት ገቡ፤ ቢል በ2018 እስኪሞት ድረስም አብረው ኖሩ።