ያውቁ ኖሯል? የታገደ ክፍል ዱካ አለው

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 በጃፓን ኪዮቶ አንድ አባት በመጥረቢያ ተገደለ። ቴሌቪዥን ካናጋዋ በዚያው ሰሞን ሊያስተላልፈው የነበረውን፣ ደም የሚፈስበትን የ«ስኩል ዴይስ» ካርቱን ማሳረጊያ ወዲያው አስቀርቶ፣ ለተመልካቹ በክላሲካል ሙዚቃ የታጀበ የመልክዓ ምድር ምስል አሳየ። ግድያ የሚበዛበት «ሂጉራሺ» የተሰኘው አስፈሪ ተከታታይም በአንዳንድ ጣቢያዎች ተቋረጠ። ሁለቱም ግን አልጠፉም፤ ቆየት ብለው በዲቪዲ ወጥተዋል። እንግዲህ «ማንም ያላየው የተከለከለ ክፍል አለ» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ማን ሠራው የሚለው ነው። አንድ ክፍል ብዙ ሠዓሊ፣ ድምፅ ሰጪ ተዋናይና ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ሰው አፉን ይዘጋል ማለት ከታሪኩ ከራሱ ይልቅ ለማመን ይከብዳል።

«የምር የጠፋስ የለም ወይ?» ለሚል፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒፖን ቴሌቪዥን የተላለፈው የመጀመሪያው የ«ዶራኤሞን» ካርቱን አብዛኛው ክፍል እስካሁን አልተገኘም። ያም ሆኖ የክፍሎቹ ርእስና የተላለፉበት ቀን ይታወቃል፤ የጠፋው ፊልሙ እንጂ መዝገቡ አይደለም። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ስለተቆለፈባቸው ልጃገረዶች ይተርካል የሚባለው «ሳኪ ሳኖባሺ» የተሰኘው ካርቱን ግን ስንት አድናቂ ለዓመታት ሲያስሰው ኖሮ (ትዕግሥታቸው ያስቀናል!) ስቱዲዮም፣ ዳይሬክተርም፣ አንዲት የሥዕል ወረቀት እንኳ አልተገኘለትም።