ጥርስ ከታጠበ በኋላ መወልወሉ፤ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ልብ እያዘነ እርሱ ይስቃልና። ሌላም ባዳነት አለው። ቆዳ ቢቆረጥ ያገግማል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል። የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ይኸውም ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት፣ አንድ ጊዜ ተፍቆ ካለቀ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጥርሱን አሳጥቦ «እስኪያበራ ድረስ ወልውሉልኝ» የሚል ሰው በምን እንደሚወለወልለት ቢያውቅ ይጠቀማል።

በመጀመሪያ ማጠብና መወልወል ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ማጠብ ማለት በጥርስ ላይና በድድ ሥር እንደ ድንጋይ የደነደነውን ቆሻሻ በእጅ መሣሪያ ወይም በንዝረት በሚሠራ መኪና ማስለቀቅ ነው፤ ድድን ከሕመም የሚጠብቀው ይህ ነው። መወልወል ደግሞ ከዚያ በኋላ የቀረውን የቡና፣ የሻይ፣ የሲጋራና የጫት ቀለም አስለቅቆ ጥርሱን ማለስለስ ነው። ጥቅሙ ከጤና ይልቅ ወደ መልክ ያደላል።

ሙያው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በብሪጅፖርት ከተማ፣ ዶክተር አልፍሬድ ፎንዝ አይሪን ኒውማን የተባለችውን ረዳታቸውን የሰው ጥርስ ማጽዳትና መወልወል አስተማሩ፤ በ1913 ዓ.ም. ለዚሁ ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ዛሬ ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የላስቲክ ኩባያ ነው። ትንሽዋ ኩባያ በሞተር ቀስ ብላ እየተሽከረከረች በሊጥ መሰል መወልወያ ጥርሱን ታሻለች። በብዙው መወልወያ ውስጥ ፓሚስ የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ይገኛል። ከ1 እስከ 10 በሚቈጠረው በሞስ የጥንካሬ ሚዛን ኢናሜል 5 ያህል ሲሆን ፓሚስ 6 ያህል ነው። እንግዲህ ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ ጥርሱን ይጭረዋል፤ የተጫረ ጥርስም ቀለም ቶሎ ይይዛል። የላመው መወልወያ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነፋስ፣ ውሃና ዱቄት አንድነት የሚረጭ መሣሪያ ነው። የቀድሞው ዱቄት ቢካርቦኔት፣ ማለት የቤኪንግ ሶዳ ዘር ነው። የሲጋራን ቀለም ፈጥኖ ያስለቅቃል፤ ለጥርስ ማቃኛ ሽቦ ዙሪያም ይመቻል። ነገር ግን ድድ ሸሽቶት የተገለጠን የጥርስ ሥር ይቦረቡራል፤ የጥርስ ሙሊትንም ያሻክራል። በኋላ የመጡት ግላይሲንና ኤሪትሪቶል የተባሉት ዱቄቶች ከዚህ የላሙ ስለሆኑ ለሥሩና ለድዱ ይራራሉ፤ በጠነከረ ቀለም ላይ ግን ይዘገያሉ። አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ዱቄቱ ከመረጨቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ጨው የተከለከለም ስለ ቢካርቦኔት እንዲሁ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱን የሚሰጠው ጥርሱ ራሱ ነው። ቀለሙ ጥቂት ከሆነ ኩባያና የላመ መወልወያ ይበቃል። ቀለሙ ከበረታ ወይም ሽቦ ካለ ነፋሱ ይቀላል። ሥሩ ከተገለጠ ለስላሳዎቹ ዱቄቶች ይሻላሉ። ቀለም ከሌለ ደግሞ ባይወለወልም ጕዳት የለውም።

አንድ ነገር በተለይ ለወጣቶች እንንገር። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ይህ የንጽሕና ጕድለት አይደለም፤ ጥርሳቸው በሕፃንነታቸው ሲሠራ ከጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት የጕድጓድ ውሃ የመጣ ነው። ቀለሙ ከሽፋኑ ውስጥ ስለሆነ ኩባያም ነፋስም አያስለቅቀውም። በኀፍረት ተነሣሥቶ በአመድና በሎሚ መፈተግም ሽፋኑን ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው «ወልውሉልኝ» ከማለት ይልቅ «ቀለሙ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ?» ብሎ ይጠይቅ። ከውስጥ ከሆነ ለእርሱ የተለየ ሕክምና አለ።