የፍራንክ ካሜኒ አቤቱታ



አሜሪካዊው ፍራንክ ካሜኒ የሥነ ፈለክ ምሁር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ተዋግቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የአገሩ ጦር ሠራዊት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ቀጠረው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው በሚል ተሰናበተ፤ ከማንኛውም የፌዴራል መንግሥት ሥራም ታገደ።

በዚያ ዘመን እንዲህ የተባረረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ካሜኒ ግን ተሟገተ። ጠበቃው ጉዳዩን ሲተውበት፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚቀርበውን አቤቱታ ራሱ ጻፈ። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ይህ ጽሑፍ ነው። ምሕረት አይለምንም፤ እገዳው በዘር ወይም በሃይማኖት ከሚፈጸም መድልዎ እንደማይለይ ይከራከራል። በ1961 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ካሜኒም በዚያው ዓመት የዋሽንግተኑን የማታሺን ማኅበር ከሌሎች ጋር መሠረተ፤ በ1965 በዋይት ሐውስ ፊት ሰልፍ ወጡ። «በሽተኞች ናችሁ» የሚለውንም አባባል፣ ለነገሩ እንደ ሳይንቲስት፣ ማስረጃ የሌለው ነው ሲል ሞገተ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ከሕመሞች መዝገብ ሠረዘው።

የመንግሥት ሥራ እገዳው በ1975 ተነሣ። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው፤ ካሜኒ ያን ጊዜ የ84 ዓመት አዛውንት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ፤ ወደ ሥነ ፈለክ ሙያው ሳይመለስ።