ከጓዳ ወደ ማሳ

በብዙ ትንንሽ ከተሞቻችን ከየቤቱ የተሰበሰበ ጥራጊ ከከተማው ዳር ገደል ውስጥ ይደፋል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ ከብቱም ፌስታል ውጦ ይታመማል። ክምሩ ሲያድግ የሚያስከትለውን መዘዝ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ሲቀብር አይተናል።

ታዲያ ምን ይበጃል? ከጥራጊያችን አብዛኛው ልጣጭና የምግብ ትራፊን የመሰለ የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ተነባብሮ፣ እርጥበቱ እየተጠበቀ ቢገላበጥ በጥቂት ወራት ማዳበሪያ ይሆናል። የትንሽ ከተማ ማሳ ደግሞ ከደጇ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጋሪውን ከገደሉ ወደ ገበሬው ቢያዞረው ከሽያጩ የጽዳት ሠራተኞችን ሊደጉም ይችላል። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ይወስደዋል።

ሥራው ግን የሚጀምረው ከጓዳችን ነው። ፌስታልና የባትሪ ድንጋይ የተቀላቀለበት ብስባሽ ለማሳ አይሆንም። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሁለት ዕቃ እናስቀምጥ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለማይበሰብሰው። ልጆቻችንም ይልመዱት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን እንደሚቆጠር አስተምረውናል። ከመንገድ አንስቶ ጎረቤት ወደሚጠጣው ወንዝ መድፋት ግን ጉዳቱን ማዛወር እንጂ ማንሳት አይደለም። አላህ ያግራልን።