ሰማንያ ቀን ክርስትና፣ ዘጠና ቀን ቪዛ

ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያለች ልጅ ልትወልድ ነው። እናቷ ከአዲስ አበባ ሄደው አራሷን ይንከባከባሉ፣ ገንፎውን ያገነፋሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አይተው ይመለሳሉ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። የምትወለደው ሴት ብትሆንና አያት ከመውለጃው 15 ቀን ቀድመው ቢገቡ፣ ክርስትናው የሚውለው በ95ኛው ቀናቸው ነው። የሸንገን አገሮች የጉብኝት ቪዛ ደግሞ ቢበዛ የሚያስቆየው 90 ቀን ነው። አምስት ቀን ጎደለ። ምጡ ከዘገየማ ጉድለቱ ይብሳል።

ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር ለመቆየት ያሰበ ሰው ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት ቀኑን ይቁጠር የምለው ለዚህ ነው። ለክርስትና ተብሎ ቪዛው ይራዘምልኛል ብሎ መሄድ አያዋጣም። ሸንገን ውስጥ ማራዘሚያ የሚሰጠው ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር፣ ለሰብዓዊ ጉዳይ ወይም ለከባድ የግል ችግር ነው።

ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ ሲመጣ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» በሚለው ላይ ነው። በዚያው ተለጣፊ ላይ የቆይታ ቀናት የሚል ሌላ ቦታ አለ፤ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው እሱ ነው። 30 ቀን የተፈቀደለት ሰው የቪዛው ዕድሜ 45 ቀን ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። 15ቱ ቀን ጉዞው ወዲያ ወዲህ ቢል ተብሎ የተተወ እንጂ ለመቆያ የተጨመረ አይደለም። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ያረፈ መንገደኛ አንዱን ቀን በልቶታል። የመግቢያው ብዛት አንድ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ቀን ለንደን ደርሶ መመለስ የለም።

ሸንገን በ1985 እ.ኤ.አ. አምስት አገሮች የሉክሰምበርግ መንደር በሆነችው ሸንገን የፈረሙት ስምምነት ነው። ዛሬ 29 አገሮችን ያቅፋል፤ ቀኑም የሁሉም በአንድ ላይ ነው። ሮም የዋሉበት ቀን ከበርሊኑ ጋር ይደመራል። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት።

የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ ባይጠየቁም ከዚህ ስሌት አያመልጡም። ደንቡ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይለፍ ይላል፤ 180ው ቀን ደግሞ በየዕለቱ ወደኋላ እየታየ ነው የሚቆጠረው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 1 ቀን 2027 እህቱ ዘንድ 60 ቀን የቆየ ሰው ሜይ 15 ተመልሶ ቢገባ የቀረው 30 ቀን ነው፤ ጁን 13 መውጣት አለበት። የጃንዋሪዋ የመጀመሪያ ቀን ከቁጥር የምትወጣለት ጁን 30 ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የጣት አሻራና የፊት ምስል የሚወስድ የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ ሥራ ላይ መዋል ስለጀመረ፣ የደበዘዘ ማኅተም ላይ ተማምኖ ቀን ማሳለፍ አይቻልም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነገሩ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል በበቂ ሁኔታ አልተባበረችም ብሎ፣ የማመልከቻ መመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። የመንግሥታት ጠብ ዕዳው ምንም ባላጠፉ አያቶች ላይ መውደቁ ያሳዝነኛል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል ልጅቷ ማርገዟ እንደታወቀ መነጋገር ይሻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል።

ከ90 ቀን በላይ የሚያስቆየው የየአገሩ የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። እሱ በአብዛኛው ለትምህርት፣ ለሥራና ለቤተሰብ ነው የሚሰጠው። ፈረንሳይ ግን ራሱን ችሎ ለሚኖርና ላለመሥራት ቃል ለሚገባ ሰው የጎብኚ የረጅም ጊዜ ቪዛ አላት። ብሪታንያ ከሸንገን ውጭ ናት፤ የጎብኚ ቪዛዋ በአንድ ጊዜ እስከ 6 ወር ያስቆያል።

አሜሪካ ላይ ግራ መጋባቱ ይበዛል። በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ አንድ ጊዜ የሚያስገባና የ3 ወር ዕድሜ ያለው እንዲሆን ተወሰነ። ይህን የሰሙ ወላጆች ሦስት ወር ብቻ መቆየት የሚችሉ መስሏቸዋል። ሦስቱ ወር የመግቢያ ጊዜ ነው። የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው አየር ማረፊያው ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ለጎብኚ የተለመደው 6 ወር ነው። ቀኑ አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ድረ ገጽ ገብቶ ማየት ይቻላል። ልጆች ይህን ወላጆቻቸው በገቡ በማግስቱ አይተው ይጻፉት። ማራዘም ካስፈለገም ያ ቀን ሳያልፍ ነው የሚጠየቀው።

ለወላጅ የሚበጀው ግን ካናዳ ያለው ሱፐር ቪዛ ነው። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ለሆነ ሰው ይሰጣል፤ ዕድሜው እስከ 10 ዓመት ሲሆን በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። ተራው የጎብኚ ቪዛ እዚያ በአብዛኛው 6 ወር ነው። ሱፐር ቪዛው በምላሹ የጤና ምርመራ፣ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የሕክምና ኢንሹራንስና የጋባዡን የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይወደዳል፤ ወንድምና እህት ተዋጥተው ቢከፍሉት ይቀላል። ማመልከቻው የሚገባው ወላጅ ከካናዳ ውጭ እያሉ ስለሆነ፣ በጎብኚ ቪዛ ገብቶ እዚያው ሆኖ ሱፐር ቪዛ መጠየቅ አይቻልም።