የዳሌን አጥንት ብረት ስለ ማልበስ



በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር ሰው ኑሮው በእግሩ ብርታት የጸና ነው። ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ፣ ዳገቱን ሲወጣ፣ በበቅሎም ሲጓዝ ሸክሙ በዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ወደዚያ ተመድቦ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛም ዳሌው ቢታመም ሥራው ይታጐላል።

እንደ ኳስ የከበበው የጭን አጥንት ራስ በዳሌው ጐድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። በመካከላቸው ያለው ልስልስ ሽፋን ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። የተለመደው ቀዶ ሕክምና የአጥንቱን ራስ ቈርጦ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ዴሪክ ማክሚን ግን በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በበርሚንግሃም ከተማ ሌላ መንገድ አሳየ፤ ይኸውም ራሱን ሳይቈርጡ ገጹን ፍቆ የብረት ቆብ ማልበስ፣ ጐድጓዳውንም በብረት መለበጥ ነው።

ጥቅሙ የጭኑ አጥንት አለመባከኑ ነው፤ ኋላ ቢበላሽ የተለመደውን መተኪያ ለመግጠም ቦታ ይተርፋል። ኳሱም ትልቅ ስለ ሆነ ከጐድጓዳው እምብዛም አይወልቅም። የቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሪ በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሕክምና አግኝቶ በዚያው ዓመት በጥቅምት በአንትወርፕ ውድድር አሸንፏል።

ጉዳቱም ሊዘነጋ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቆቡ በታች ያለው የአጥንቱ አንገት ሊሰበር ይችላል። ብረት ከብረት ሲፋጭም የኮባልትና የክሮሚየም ብናኝ ወደ ደም ይገባል፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋም ሊጐዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዴፑይ የተባለው ኩባንያ ኤ.ኤስ.አር. የሚባለውን ዕቃውን በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከገበያ ሰብስቧል። የአጥንታቸው ራስ አነስተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ብልሽቱ ስለሚበዛ፣ የበርሚንግሃሙ ዕቃ ሠሪም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለሴቶች እንዳይደረግ አስታውቋል። ኵላሊቱ የታመመ፣ አጥንቱም የሳሳ ሰው ይህን ሕክምና መምረጥ የለበትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዎ ገና ያልገፋ፣ አጥንትዎ ጠንካራ፣ ሥራዎም እንቅስቃሴ የሚጠይቅ ወንድ ከሆኑ የአጥንት ሕክምና ልዩ ባለሙያ ያማክሩ። አስቀድመው ግን ክብደት መቀነስን፣ ምርኵዝንና የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴን ይሞክሩ። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ለብዙ ዓመታት የራጅና የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከመካነ ሰላም ለዚህ የሚመላለስ ሰው የመንገዱንም ወጪና ድካም አስቀድሞ ያስላ። ቢላው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው።