የአየር መምጠጫ ፓምፕ በደጋ አገር

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ አውቶሞቢል ማቀዝቀዣ መጨነቅ ሰሚውን ያስቅ ይሆናል። ጧት ጧት ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት አገር ብርድ ይበዛል እንጂ አያንስም። ነገር ግን መንገደኛው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቍልቍል ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ካፖርቱን ያወልቃል፤ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውም እንዲሁ ነው፤ በኋላ ወንበር የተቀመጡት ሕፃናት በሙቀት ይዝላሉ። ስለዚህ የደጋው ሰው ማቀዝቀዣውን የሚያሳድሰው ለቆላው መንገድ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን በደጋው አየር ውስጥ ነው። ስሕተቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማቀዝቀዣው ተጠግኖ አዲስ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቧንቧዎቹ ውስጥ የገባው አየርና እርጥበት ተመጥጦ መውጣት አለበት። ይህን የሚሠራው መካኒኮች ቫኪዩም ፓምፕ የሚሉት መሣሪያ ነው። እርጥበት ከቀረ በጠባቡ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል፤ ከጋዙና ከዘይቱም ጋር ተዋሕዶ አሲድ እየሆነ ብረቱን ይበላል። ፓምፑ ውሃውን የሚያወጣው እንደ ጨርቅ ጨምቆ አይደለም፤ የአየሩን ጫና ቀንሶ ውሃው ያለ እሳት እንዲፈላና ተን እንዲሆን ያደርገዋል እንጂ።

ይህን ነገር የደብረ ብርሃን እመቤቶች ከመካኒኩ ቀድመው ያውቁታል። የባቄላ ንፍሮ በዚያ ከተማ ቶሎ አይበስልም። ከተማው ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ጫና ያንሳል፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል፤ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ አነስተኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1648 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎረን ፔርዬን በብርጭቆ ቱቦ ባዜቃ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ እንዲወጣ ባደረገ ጊዜ፥ ባዜቃው በተራራው ራስ ላይ ከሜዳው ይልቅ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

በውጭ አገር የተጻፉ መምሪያዎች የጌጁ ቀስት ወደ 29 ኢንች እስኪደርስ ይመጠጥ ይላሉ። ይህ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። በደብረ ብርሃን ፓምፑ እንከን ባይኖረው እንኳ ቀስቱ ከ21 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚመጠጥ አየር የለምና። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ደኅናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ይላል፥ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ወጪውም በባለ መኪናው ላይ ይወድቃል። ተቃራኒው ግን የባሰ ነው። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ቀስቱ እስከ 25 ተኩል ሊደርስ ይገባዋል፤ በ21 የለመደ ሰው እዚያ ወርዶ በ21 ቢያቆም እርጥበቱ በውስጡ ይቀራል። የቀረውን አየር ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ የሚለካ ጌጅ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውሃ እንዲፈላ ጫናው ወደ 17 ሚሊሜትር ባዜቃ መውረድ ይበቃዋል፤ በውርጭ ጧት፥ በዜሮ ዲግሪ፥ ከ5 በታች ይሻል፤ ያን ጊዜም በረዶ ሆኖ መቅረት ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ጥቂት አሙቆ ካጠፉ በኋላ በእኩለ ቀን ፀሐይ መሥራት ይመረጣል። የሠራተኛው ልጅ ግን ብርዱን ፈርቶ በሩን ይዘጋና የከሰል ማንደጃ ያስገባል። እዚህ ላይ የቤት ጌታ ዝም ሊል አይገባውም። የማቀዝቀዣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በመሬቱና በጕድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ፍም ሲነካው ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል። ማንደጃው ይውጣ፥ በሩ ይከፈት፥ ሲጃራም አይጨስ።

አስቀድሞ የቆየው ጋዝ በራሱ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር ይሰብሰብ፤ ጫና ያለው ጋዝ በቫኪዩም ፓምፕ አይመጠጥም፥ በሜዳም አይለቀቅም። አገራችን የኦዞንን ሽፋን የሚጠብቀውን የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በ1987 ዓ.ም. ተቀብላለች። ፈሳሹ ጋዝ በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ ስለ ሆነ ዓይንንና እጅን ያደርቃል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ናቸው። የፓምፑ ዘይት እንደ ወተት ከደፈረሰ ይለወጥ። ባዶ በሆነው ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ጨርሶ ክልክል ነው።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተመጠጠ በኋላ መጀመሪያ ቧንቧው ይዘጋል፥ ፓምፑ ቀጥሎ ይጠፋል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የፓምፑ ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ይሳባል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቀስቱን መጠበቅ ነው፤ ባለ መኪናውም ቡናውን እዚያው አስመጥቶ ቢጠብቅ አይከፋም። ቀስቱ በቦታው ከቆመ ጋዝ ይሞላል፤ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ግን ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ ጋዝ አይገዛም።